ከከተማው ዳር ላለ ቤት አስተማማኝ የዋይፋይ ራውተር አመራረጥ

በአዲስ አበባ ዳርቻ ቤት ሠርቶ ወይም ተከራይቶ የገባ ሰው መብራትና ውኃ ካስገባ በኋላ ቀጥሎ የሚያስበው ኢንተርኔት ነው። ተማሪው ትምህርቱን የሚከታተለው፣ ከቤት የሚሠራው ሰው ሥራውን የሚልከው፣ ቤተሰቡም ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር ፊት ለፊት እየተያየ የሚያወራው በእርሱ ነው። በዚህ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የትኛው ራውተር ጥሩ ነው?» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ በፊት መመለስ ያለባቸው ሌሎች ጥያቄዎች አሉ፤ እነርሱን ዘሎ ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ውድ ዕቃ ገዝቶ ከነበረው ችግር ጋር ይቀመጣል። ለገጣፎ ያለ ቪላ፣ ኮዬ ፈጬ ያለ ኮንዶሚኒየምና ሱሉልታ ያለ ቆርቆሮ ክዳን ቤት አንድ ዓይነት ራውተር አያስፈልጋቸውም። አስተማማኝ የሚባለው ወደ ቤቱ ከሚገባው መስመር፣ ከግድግዳውና ከሠፈሩ መብራት ጋር የሚስማማው ራውተር ነው፤ ይህ መመሪያም የሚሄደው በዚሁ ቅደም ተከተል ሲሆን፣ የቴክኒክ ሙያ የሌለው ሰው በራሱ ሊያደርገው የሚችለውን ብቻ ይዟል።

አንደኛ፦ ወደ ቤትዎ የሚገባውን መስመር ይለዩ

ኢንተርኔት ወደ ቤት የሚገባው በአብዛኛው ከሦስት መንገዶች በአንዱ ነው፤ በቆየው የመዳብ ስልክ ሽቦ፣ ብርሃን በሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ገመድ ማለትም በፋይበር፣ ወይም በሲም ካርድ። ለአንዱ የተሠራ ራውተር ለሌላው ላይሠራ ይችላል። ሱቅ ውስጥ ተደርድረው ሲታዩ ግን ሁሉም አንቴና የተተከለባቸው ነጭ ወይም ጥቁር ሣጥኖች ስለሆኑ፣ ልዩነታቸው የሚገባው ሰው ጥቂት ነው።

ልዩነቱን ለማወቅ ራውተሩን አዙረው ጀርባውን ይመልከቱ። የስልክ ገመድ የምታስገባ ጠባብ ቀዳዳ ካለችና አጠገቧ «ዲ ኤስ ኤል» ተብሎ ከተጻፈ፣ ዕቃው ለመዳብ መስመር የተሠራ ነው። ከጎን ካሉት ቀዳዳዎች በቀለም የተለየች፣ ብዙ ጊዜም ሰማያዊ የሆነች፣ «ዋን» የሚል ጽሑፍ ያለባት ሰፋ ያለች ቀዳዳ ካዩ ደግሞ፣ ራውተሩ ኢንተርኔቱን ከሌላ ሣጥን በኬብል ተቀብሎ በዋይፋይ የሚያሠራጭ ነው። የሲም ካርድ ማስገቢያ ያለው በቀጥታ ከኔትወርክ ማማው የሚቀበል ነው። አንዳንዶቹ ሲምም «ዋን»ም አንድ ላይ አላቸው፤ ዛሬ በሲም ጀምሮ ነገ ፋይበር ሲደርስለት ያንኑ ራውተር ለመጠቀም ለሚያስብ ሰው እንዲህ ያለውን መምረጥ ብልህነት ነው።

የመዳብ መስመር ያለው ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት። በዚህ መስመር ላይ በስፋት የሚሠራበት ቴክኖሎጂ በጥሩ ሁኔታም ቢሆን ከ24 ሜጋቢት በሰከንድ ብዙም አያልፍም፤ ቤቱ ከቴሌ ሣጥኑ በራቀ ቁጥርም ፍጥነቱ እየወረደ ይሄዳል። የከተማው ዳር ላይ ደግሞ ርቀቱ ረጅም፣ ሽቦውም ብዙ ጊዜ የተቀጣጠለ ነው። ስለዚህ 4 ሜጋቢት ለሚገባበት ቤት ካርቶኑ ላይ 1200 የተጻፈበት ፈጣን ራውተር መግዛት፣ ጠብ ጠብ በሚል ቧንቧ ሥር በርሜል እንደ መደቀን ነው። እንዲህ ባለ ቤት ገንዘቡ የሚውለው ወደ ፋይበር ለመዛወር ቢሆን ይመረጣል፤ መስመሩ ወደ ሠፈርዎ መድረስ አለመድረሱን በ994 ደውለው ወይም በአቅራቢያዎ ያለውን የኢትዮ ቴሌኮም የሽያጭ ማዕከል ጠይቀው ማወቅ ይችላሉ።

ፋይበር የገባለት ቤት ብዙውን ጊዜ አገልግሎት ሰጪው ያስቀመጠለት ሣጥን አለው። በዚህ ሣጥን ውስጥ አረንጓዴ ጫፍ ያለው ቀጭን ገመድ ገብቶ ይታያል፤ ሣጥኑ ራሱም አብዛኛውን ጊዜ ዋይፋይ ያሠራጫል። ሌላ ራውተር ከመግዛትዎ በፊት ይህ ሣጥን የተቀመጠበት ቦታ ትክክል መሆኑን ያረጋግጡ፤ ባለሙያው ለገመድ አገባብ እንዲመቸው በበሩ ጥግ ሰቅሎት ሄዶ ሊሆን ይችላል። የፋይበሩን ገመድ ራስዎ አይሳቡት፣ አይቆልምሙት፤ ውስጡ ያለው መስታወት ነውና ይሰበራል። ሣጥኑ ላይ «ኤል ኦ ኤስ» የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃኑ ከመስመሩ አልደረሰም ማለት ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት የትኛውም ራውተር አያድንም፤ የሚደወለው ለአገልግሎት ሰጪው ነው።

ሁለተኛ፦ በሲም ካርድ የሚጠቀሙ ከሆነ ኔትወርኩን አስቀድመው ይለኩ

ፋይበር ባልደረሰባቸው አዳዲስ ሠፈሮች አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው 4ጂ ራውተር ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ከሁለት ኔትወርኮች መምረጥ ተችሏል፤ ይህ ለዳር ሠፈር ነዋሪ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ምክንያቱም አንዱ ማማ ከኮረብታ ጀርባ ሲሆን የሌላው ፊት ለፊት ሊታይ ይችላል። በእንጦጦ ጀርባ ወይም በየረር ግርጌ ባለ ቤት፣ ሁለት መቶ ሜትር ልዩነት እንኳ ኔትወርኩን ሊለውጠው ይችላልና ጎረቤት «እኛ ጋ ይሠራል» ስላለ ብቻ አይወስኑ።

መለካቱ ገንዘብ አያስወጣም። የሁለቱንም ድርጅቶች ሲም በስልክዎ ይሞክሩ፤ የሌለዎትን ከቤተሰብ ወይም ከጎረቤት ይዋሱ። በአንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ከፍተው «ስለ ስልኩ» ወደሚለው፣ ከዚያም የሲሙን ሁኔታ ወደሚያሳየው ቦታ ሲገቡ፣ የኔትወርኩ ጥንካሬ በቁጥር ተጽፎ ያገኙታል። ቁጥሩ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ስላለው ወደ ዜሮ የቀረበው ይሻላል፤ በ4ጂ ላይ ‑90 ወይም ከዚያ የተሻለ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ‑100 አካባቢ ያሠራል፣ ከ‑115 በታች ከወረደ ግን ራውተር ቢቀያየርም የሚያስደስት ውጤት አይገኝም። በስልኩ ጫፍ ላይ የሚታዩት ዘንጎች ይህን አያሳዩም፤ ከስልክ ስልክ ይለያያሉና አይመኑባቸው።

ስልኩን ይዘው በቤቱ ሁሉ ይዘዋወሩ። በየመስኮቱ፣ ፎቅ ካለ በፎቁ፣ በረንዳውም ላይ ጥቂት ደቂቃ ቆመው ቁጥሩን በወረቀት ይጻፉ። የቤቱ አንድ ጎን ከሌላው በግልጽ እንደሚበልጥ ያያሉ፤ የሲም ራውተር መቀመጫው ያ ጎን ነው። ከዚያም በፋስት ዶት ኮም ወይም በስፒድቴስት ፍጥነቱን ይለኩ፤ አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ደግሞ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ። ምሽት ላይ ሁሉም ሰው ቤቱ ገብቶ ስለሚጠቀም ማማው ይጨናነቃል፤ ውሳኔዎ መመሥረት ያለበትም በምሽቱ ቁጥር ላይ ነው።

ኔትወርኩ ደካማ ከሆነ የውጭ አንቴና የሚቀበል ራውተር ይፈልጉ። በጀርባው በፕላስቲክ የተከደኑ ሁለት የአንቴና መግጠሚያዎች ካሉት፣ ጣሪያ ላይ ወይም ምሰሶ ላይ የሚሰቀል አንቴና ወደ ማማው አዙሮ መግጠም ይቻላል። ልብ ይበሉ፤ ብዙ ራውተሮች ላይ የሚታዩት የማይነቀሉ አንቴናዎች ዋይፋዩን ለቤት የሚያሠራጩ እንጂ 4ጂውን የሚቀበሉ አይደሉም። «ካት 4» የተባለው ራውተር በወረቀት ላይ እስከ 150፣ «ካት 6» የተባለው እስከ 300 ሜጋቢት ይቀበላል፤ ካት 6 ሁለት ሞገዶችን በአንድ ጊዜ ሊጠቀም ስለሚችል ማማው ይህን በሚደግፍበት ቦታ በምሽቱ መጨናነቅ ጊዜ ይረዳል። በባትሪ የሚሠራውን በእጅ የሚያዝ ትንሽ ሚፋይ ግን ለቤት ዋና ኢንተርኔት አልመክርም። ሌት ተቀን ቻርጅ ላይ ሲውል ባትሪው ሊያብጥ ይችላል፣ ዋይፋዩም ከአንድ ክፍል ብዙም አያልፍም፤ የሚሠራው ለመንገድ ነው።

ሦስተኛ፦ ግድግዳውን፣ ክዳኑንና ግቢውን ያስቡ

የቤት ዋይፋይ በአብዛኛው በሁለት ሞገዶች ይሠራል። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ግድግዳም ይሻገራል፤ ነገር ግን ዝግ ያለና በጎረቤት ዋይፋይ የሚረበሽ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግን ወፍራም ግድግዳ ያደክመዋል። ሁለቱንም የሚያሠራጭ ራውተር ባለ ሁለት ባንድ ይባላል፤ ዛሬ አዲስ የሚገዛ ሰው ከዚህ በታች መውረድ አለበት ብዬ አላምንም።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ችግሩ ርቀት ሳይሆን ብዛት ነው። ስልክዎ ላይ የዋይፋይ ዝርዝር ሲከፍቱ የጎረቤት ስም ተደርድሮ ካዩ፣ ሁሉም በ2.4 ላይ እየተጋፉ ናቸው፤ በዚህ ቤት 5 ጊጋኸርዝ ያለው መካከለኛ ራውተር ሳሎን መሐል ቢቀመጥ ስቱዲዮንም ሆነ ባለ ሁለት መኝታን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በግል ግቢ ውስጥ ያለው ጉዳይ ሌላ ነው። በብሎኬት የተሠራ ግድግዳ ሞገዱን ይቀንሰዋል፣ ብረት የበዛበት ሶሌታ በፎቅና በምድር ቤት መካከል ክፉኛ ያደክመዋል፣ ቆርቆሮ ደግሞ ፈጽሞ ይመልሰዋል ማለት ይቻላል። ዋናው ቤት ውስጥ ያለው ዋይፋይ በጓሮ ካለው ሰርቪስ ቤት የማይደርሰው፣ ሰርቪሱ በቆርቆሮ የተከበበ ስለሆነ ነው፤ የአንቴና ብዛት ይህን አይፈታውም።

መፍትሔው ከዋናው ራውተር እስከ ሰርቪሱ የኔትወርክ ኬብል ዘርግቶ በዚያ ጫፍ ርካሽ ሁለተኛ ራውተር ማስቀመጥ ነው። ኬብሉ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ስለሚሠራ ለግቢ ከበቂ በላይ ነው፤ ፀሐይና ዝናብ እንዳያበላሸው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ። ሁለተኛው ራውተር ኢንተርኔቱን በኬብል ተቀብሎ ዋይፋይ ብቻ ወደሚያሠራጭበት፣ «አክሰስ ፖይንት» ወደሚባለው አሠራር የሚቀየር መሆኑን ሲገዙ ይጠይቁ። ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ዋይፋዩን የሚያራዝመው ትንሽ ዕቃ ዋጋው ስለሚቀል ብዙዎች ይገዙታል፤ ነገር ግን የተቀበለውን በዚያው ሞገድ ስለሚደግመው ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል፣ ሞገዱ በማይደርስበት ቦታ ከተሰካ ደግሞ የሚደግመው ነገር የለውም።

አራተኛ፦ መብራቱን ከራውተሩ እኩል ይቁጠሩት

ከከተማው ዳር ባሉ ሠፈሮች ራውተር የሚሞተው በእርጅና ሳይሆን በመብራት ነው። መብራት ሲጠፋ የሚደርስ ጉዳት የለም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ሲመለስ ከፍ ብሎ ሲገባ ወይም ቀኑን ሙሉ ሲዋዥቅ ነው። ረጅም መስመር ጫፍ ላይ ባለ ቤት የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ ሲል ያስተውሉ፤ ምጣዱ ብቻውን 3 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ስለሚስብ ቮልቴጁን ይጎትተዋል። በዚያው ቅጽበት ራውተሩ ጠፍቶ እንደገና ይነሣል፣ የቤቱ ሰው ግን «ኔትወርክ ተቋረጠ» ብሎ ያስባል።

ስለዚህ ራውተሩን በሚመርጡበት ጊዜ አዳፕተሩንም ከካርቶኑ አውጥተው ያንብቡ። ጀርባው ላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈው የመግቢያ መጠን «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ፣ የቤትዎ መብራት ከ220 ወርዶ 150 ቢሆንም አዳፕተሩ ሥራውን አይተውም። «220 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ በመዋዠቅ ጊዜ ራውተሩን ያጠፋዋል። የመውጫው መጠን ደግሞ ብዙ ጊዜ 12 ቮልት ሲሆን 9 ወይም 5 ቮልት የሆኑም አሉ፤ ይህን ቁጥር በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። አዳፕተር ተቃጥሎ ሲተካ ቮልቱ ፍጹም አንድ መሆን አለበት፤ አምፔሩ ግን እኩል ወይም የበለጠ ቢሆን ይቻላል፣ ያነሰ ከሆነ ራውተሩ ሲበዛበት ራሱን ያጠፋል።

ከፍ ብሎ የሚገባውን መብራት ለመከላከል፣ ለፍሪጅ የሚሸጠው ዓይነት፣ ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ የሚቆርጥና መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያስገባ መከላከያ ይበቃል። ተራ ዲቫይደር መከላከያ አይደለም፤ የላይ ማብሪያው መብራት ቢኖረውም።

መብራት ሲጠፋም ኢንተርኔት እንዲቀጥል ለሚፈልግ ሰው ለራውተር የተሠራ፣ ዩፒኤስ የሚባል ትንሽ የባትሪ መጠባበቂያ አለ። በግድግዳውና በራውተሩ መካከል ይገባል፣ 9ና 12 ቮልት የሚሰጡ መውጫዎችም አሉት። የሚሠራበትን ሰዓት ሻጩ ከሚናገረው ይልቅ በራስዎ ሒሳብ ይድረሱበት። ካርቶኑ ላይ 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ከተጻፈ፣ ይህ የሚቆጠረው በባትሪው 3.7 ቮልት ስለሆነ ጠቅላላው 37 ዋት ሰዓት ነው፤ በመለወጥ የሚባክነው ሲቀነስ 30 ያህል ይቀራል። 12 ቮልት 1 አምፔር የሚል ራውተር ቢበዛ 12 ዋት ይበላል፤ ስለዚህ በሙሉ ኃይሉ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በተለመደው አጠቃቀም ደግሞ አራት ሰዓት ገደማ ያቆየዋል። የፋይበር ሣጥንና ራውተር ለየብቻ ካሉዎት ሁለቱም መብራት ስለሚፈልጉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። የሲም ተጠቃሚም ይህን ይወቅ፤ የሠፈሩ መብራት ሲጠፋ የማማው ባትሪ ካለቀ ራውተርዎ በርቶ ኔትወርክ ላይኖር ይችላል።

በክረምት መብረቅ ሲበዛ ራውተሩን ከሶኬቱ ይንቀሉት፤ የመዳብ መስመር ያለዎት ከሆነ የስልክ ሽቦውንም ጭምር፤ መብረቁ የሚገባው በእርሱም በኩል ነውና። የፋይበር መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ አዳፕተሩ ግን ያስተላልፋል።

አምስተኛ፦ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ

ካርቶኑ ላይ ጎልቶ የሚጻፈው ቁጥር የሁለቱ ሞገዶች ድምር ነው። «ኤሲ 1200» ማለት በ2.4 ላይ 300፣ በ5 ላይ 867 ሜጋቢት ተደምሮ ወደ ላይ ተጠጋግቶ የተጻፈ ነው፤ አንድ ስልክ በአንድ ጊዜ የሚገናኘው ከአንዱ ጋር ስለሆነ 1200 የሚያይ ሰው የለም። ከዚህ ይልቅ የኬብሉን ቀዳዳ ፍጥነት ይጠይቁ። ለምሳሌ የቲፒ-ሊንክ አርቸር ሲ50 እና አርቸር ሲ6 ሁለቱም 1200 ይባላሉ፤ የሲ50 ቀዳዳዎች ግን ከ100 ሜጋቢት አያልፉም፣ የሲ6 እስከ 1000 ይደርሳሉ። የገዙት ጥቅል ከ100 በታች ከሆነ፣ አብዛኛው ቤትም እንዲሁ ነው፣ ርካሹ ያገለግላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ብቻ ተጨማሪውን መክፈል ያዋጣል።

«ዋይፋይ 5» እና «ዋይፋይ 6» የሚሉት የትውልድ መጠሪያዎች ናቸው። ዋይፋይ 6 ብዙ ስልክና ቴሌቪዥን በአንድ ጊዜ ሲገናኙ ተራቸውን በተሻለ ያስተናግዳል፤ አሥርና ከዚያ በላይ ዕቃ የሚገናኝበት ቤት፣ ለምሳሌ ከተከራዮች ጋር የሚጋሩት ግቢ ቢሆን ልዩነቱን ያየዋል። ሁለት ሦስት ስልክ ብቻ ላለው ቤተሰብ ዋይፋይ 5 በቂ ነው። «ዋይፋይ 4» ብቻ ወይም «ኤን 300» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ባንድ ብቻ ያለው ስለሆነ ለሰርቪሱ ሁለተኛ ራውተር ይሁን እንጂ ለዋናው አይምረጡት።

በካርቶኑ ላይ ሊፈልጉት የሚገባ ሌላው ጽሑፍ «ደብሊው ፒ ኤ 3» የሚል ነው፤ በ2018 በፈረንጆች የወጣ የዋይፋይ መቆለፊያ ዘዴ ሲሆን ከእርሱ በፊት የነበረው «ደብሊው ፒ ኤ 2»ም እስካሁን ያገለግላል። ከዚያ የቆየ ብቻ ያለው ያገለገለ ራውተር በነጻ ቢሰጥዎትም አይቀበሉ።

የአንቴና ብዛት ላይ አይቆዩ። አራት ቆመው ቢታዩም ሁለቱ ብቻ የሚሠሩበት ሥሪት አለ።

ስድስተኛ፦ ሱቅ ውስጥ

መርካቶም ሆነ መገናኛ ቢሄዱ፣ ሲምዎንና ስልክዎን ይዘው ይሂዱ። የሲም ራውተር ከሆነ ሲሙን እዚያው አስገብተው፣ ስልክዎን በዋይፋይ አገናኝተው አንድ ቪዲዮ እስኪከፈት ድረስ ገንዘብ አይክፈሉ። ይህ የሚጠቅመው ዕቃው እንደሚሠራ ለማየት ብቻ አይደለም። ከሌላ አገር የመጣ ራውተር ለአንድ ድርጅት ሲም ብቻ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል፤ ወይም እዚህ አገር የማይሠራባቸውን ሞገዶች ብቻ የሚቀበል ይሆናል፤ ሁለቱም ቤት ከገቡ በኋላ የማይፈቱ ናቸው። ሻጩ «ቤት ሲገባ ይሠራል» ካለዎት፣ በትሕትና «ወንድሜ፣ እዚሁ ሲሠራ ልየውና ልክፈል» ይበሉ። ጥሩ ነጋዴ አይከፋም።

የካርቶኑ ማሸጊያ ተከፍቶ እንደገና የተለጠፈ መሆን አለመሆኑን፣ ካርቶኑ ላይና ራውተሩ ሥር የተለጠፈው የተከታታይ ቁጥር አንድ መሆኑን ያመሳክሩ። ራውተሩ ሥር ያለው ወረቀት ከተፋቀ ወይም ከተነሣ ዕቃው ያገለገለ ነው። የሚቀየርበትን የጊዜ ገደብ በቃል ብቻ ሳይሆን በደረሰኙ ላይ እንዲጽፉልዎት ይጠይቁ፤ ሞዴሉም በደረሰኙ ይሥፈር። ከሁለት እኩል ራውተሮች መካከል ለመምረጥ ከተቸገሩ፣ ድርጅቱ አሁንም ሶፍትዌሩን የሚያድስለትን ይምረጡ፤ በስልክዎ የሞዴሉን ስም ጽፈው በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ የመጨረሻው ማሻሻያ የወጣበትን ቀን ማየት ይችላሉ። ከብዙ ዓመት ወዲህ ያልታደሰ ራውተር ክፍተቱ ስለሚታወቅበት ለሰርጎ ገቦች ቀላል ነው።

ሰባተኛ፦ ቤት ሲገባ

ራውተሩን ቁመት ያለው ሰው ወገብ ከፍታ ላይ፣ ለብዙ ክፍሎች መሐል በሆነ ቦታ ያስቀምጡ፤ የሲም ከሆነ ቀደም ሲል ባገኙት ጥሩ ጎን። ቡፌ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥን ኋላ፣ ከፍሪጅና ከማይክሮዌቭ አጠገብ አይሁን። ኮርኒስ በሌለው ቤት ቆርቆሮ ሥር ከፍ አድርጎ መስቀልም አይመከርም፤ በቀትር የሚወርደው ሙቀት ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

በመቀጠል ራውተሩ ሥር የተጻፈውን አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1፣ በስልክዎ ማሰሻ ላይ ይጻፉና ወደ ማስተካከያው ይግቡ። ሁለት የተለያዩ የይለፍ ቃሎች አሉ፤ አንዱ ዋይፋዩን ለመጠቀም፣ ሌላው ማስተካከያውን ለመክፈት። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ቀይሮ ሁለተኛውን «አድሚን» እንዳለ ይተወዋል። በ2016 በፈረንጆች ሚራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው፣ ከፋብሪካ የመጡበትን የይለፍ ቃል እየሞከረ ነበር። ሁለቱንም ይቀይሩ፣ በወረቀት ጽፈውም ከራውተሩ ርቆ ያስቀምጡ። ቁልፍ በመጫን ብቻ የሚያገናኘውን «ደብሊው ፒ ኤስ» ያጥፉት።

ተከራይ ያለበት ግቢ ከሆነ «ጌስት ኔትወርክ» የሚለውን ከፍተው ለተከራዮች የራሳቸውን ስምና የይለፍ ቃል ይስጡ። ተከራይ ሲወጣ ያንን ብቻ ይቀይራሉ፤ የቤተሰቡ ስልኮች ሁሉ እንደ አዲስ መገናኘት አያስፈልጋቸውም። ለአንድ ዕቃ የሚደርሰውን ፍጥነት መወሰን የሚችል ራውተር ከሆነም፣ ሒሳብ ተካፍለው የሚጠቀሙ ሰዎች መካከል የሚነሣውን ቅሬታ ያስቀራል።

የሚቀየርበት ቀን ሳያልፍ ራውተሩን በደንብ ይፈትኑት። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ በመጀመሪያ ከራውተሩ አጠገብ ቆመው ይሞክሩ። አጠገቡ ሠርቶ መኝታ ቤት ካልሠራ ጉዳዩ የግድግዳና የቦታ ነው። አጠገቡም ካልሠራ፣ የፋይበሩን ቀይ መብራት ወይም ሲሙን በስልክ አስገብተው ይመልከቱ፤ ሲሙ በስልክም ካልሠራ ወይም መብራቱ ቀይ ከሆነ ችግሩ የመስመር ነው። መስመሩ ደህና ሆኖ ራውተሩ በራሱ የሚጠፋ፣ በየቀኑ ካልተነቀለ የማይነሣ፣ ወይም ሥሩ እጅ የማያስነካ እስኪሆን የሚግል ከሆነ ግን፣ የተቋረጠበትን ቀንና ሰዓት በወረቀት መዝግበው፣ ከነካርቶኑ፣ ከነአዳፕተሩና ከነደረሰኙ ወደ ገዙበት ሱቅ ይመልሱት።